ነቀፌታ የሌለበት

የአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ተገኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰባት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ቡናው ጥሩ ነበር። የአዳራሹ በር ላይ ትፈርሙና ደብተር፣ እስክሪብቶና የሚያብረቀርቅ መጽሔት በቦርሳ ይሰጣችኋል። መጽሔቱ የዓመቱ ሪፖርት ነው። ለብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ደግሞ የሚነበብ ነገር እጁ ከገባ ዝም ብሎ አያልፍም። እስቲ እንደ ልብ ወለድ ልሂሰው አልኩ።

መጀመሪያ የሊቀመንበሩ መልእክት አለ። ትርፍ ሲጨምር ግሡ ሁሉ አድራጊ አለው፦ «አመራራችን አሳደገ፣ ቦርዳችን አስፋፋ።» ኪሳራ ሲመጣ ግን አድራጊው ድራሹ ይጠፋል፦ «ተገዛ፣ ተሰረዘ፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።» ማን ገዛው? ማን ሰረዘው? መልስ የለም። ከዚያ የሪባን ቆረጣ ፎቶግራፎች ይከተላሉ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዲት ደረቅ ገጽ አለች፤ የውጭ ኦዲተሩ ቃል። እውነቱን ልናገርና እኔም ስድስት ዓመት ዘልያታለሁ። እዚያ ላይ የሰፈረው አስተያየት ነቀፌታ የሌለበት ነው። እኔ ለማንም ደራሲ እንዲህ ዓይነት ሒስ ጽፌ አላውቅም!

በሙያው ቋንቋ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው። ኩባንያው ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ኦዲተሩ ደረሰኙን ሁሉ አያገላብጥም፤ ናሙና ወስዶ ይመረምርና ሒሳቡ በጉልህ ጉዳዮች ረገድ እውነተኛውን ገጽታ ያሳያል ይላል። ስለዚህ የቃሉ ክብደት በሰውየው ነፃነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይኼ ሁሉ ምን አገባህ ብትሉኝ፣ ባለፈው ክረምት እህቴ ልጇን ለማሳከም ገንዘብ ቸገራትና አክሲዮኗን ልትሸጥ ተነሣች። ግዢ ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» አለችኝ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ አለን፤ የእኛ ኩባንያ ግን እዚያ አልተመዘገበም። ዋጋ የሚነግረን ገዥ ብቻ ነው። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ተገኘ። መጽሔቱን ብሰጠው አልገለጠውም። «ሊቀመንበሩ ያው ሰውዬ ነው? ሥራ አስኪያጁስ የማን ሰው ነው? መዝገቡን የሚመረምረው ማነው?» አለኝ። ሊቀመንበሩ ያው፣ ሥራ አስኪያጁ የእርሱ ሰው፣ መርማሪውም ለዓመታት ያው ድርጅት መሆኑን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በታች ዋጋ ሰጠን።

ጄንሰንና ሜክሊንግ የሚባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 በጻፉት የታወቀ ጥናት ይህንኑ ብለዋል። ገንዘቡ የሌላ፣ አዛዡ ሌላ ሲሆን ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ጥበቃው ደግሞ ወጪ አለው። ጥበቃው መላላቱን ያወቀ ገዥ ጉዳቱን አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የኩባንያው ጠባይም ነገሩን ያብሰዋል። የእኛ ዓይነቱ ባለብዙ ሺህ ባለአክሲዮን ሲሆን፣ እያንዳንዳችን ያለን ትንሽ ስለሆነች ሌላው ይጠይቅ ብለን እንቀመጣለን። ሁሉም እንዲህ ሲል ጥቂት ትልልቅ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ጉባዔውን ይነዱታል።

አንድ የሒሳብ ሰው ወዳጄ ተከራከረኝ። «ትልቅ ኦዲተር ስሙን ለአንድ ደንበኛ ብሎ አያጎድፍም» አለ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ኤንሮንን እናስታውስ። አርተር አንደርሰን በዓለም ዙሪያ 85 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኤንሮን 52 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያገኝ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ለኦዲት ሳይሆን ለምክርና ለሌላ ሥራ የተከፈለ ነው። የቦርዱን የኦዲት ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር ነበሩ። እውቀት አልጎደለም ማለት ነው! በነሐሴ 2000 ወደ 90 ዶላር ደርሶ የነበረው አክሲዮን በ2001 መጨረሻ አንድ ዶላር እንኳን አያወጣም ነበር። አንደርሰን በ2002 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲሽረው የሚመለስበት ቤት አልነበረውም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ አበው። ኦዲተሮች አይቀየሙኝና፣ ጥያቄው ያው ነው፤ ማን ያበላል? አሜሪካኖች በ2002 ባወጡት ሕግ፣ በገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ኦዲተሩን የሚቀጥረውና ክፍያውን የሚወስነው ከሥራ አመራሩ ነፃ የሆነ ኮሚቴ እንዲሆን አደረጉ። አብዛኛውንም ጎን ለጎን የሚሠራ የምክር ሥራ ከለከሉ። እኛም ሕግ አላጣንም። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የዳይሬክተር ዘመድ ኦዲተር እንዳይሆን ይከለክል ነበር። በ2006 የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ወጣ፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። በ2013 ንግድ ሕጉ ራሱ ታደሰ። ኦዲተር የሚሾመው ጉባዔው ነው፤ እኛ ማለት ነው። እኛ ግን ምን እንላለን? «ነባሩ ይቀጥል፤ ክፍያውን ቦርዱ ይወስን።» ጭብጨባ። ምሳ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በማስተማር ዘመኔ ለመመረቂያ ጽሑፎች የውጭ ፈታኝ ሆኜ እጠራ ነበር። የሚጠራኝ የተማሪው አማካሪ ነው፤ ምሳ የሚጋብዘኝም እርሱ ነው። አንድም ተማሪ ጥዬ አላውቅም። መጣል የነበረባቸው ግን ነበሩ። ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲጠሩኝ እፈልግ ነበር፤ ይኸው ነው።

በሰባተኛው ጉባዔ እጄን አወጣሁ። «ኦዲተራችን ከኦዲት ሌላ ለኩባንያው የሚሠራው ሥራ አለ ወይ? ስንትስ ይከፈለዋል?» አልኩ። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው «ጥሩ አስተያየት ነው፤ ወስደነዋል» አሉ። ወዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እህቴ በነጋዴው ዋጋ ሸጠች። የጎደለውን ከኪሴ ሞላሁላት። ስድስት ዓመት ቡና ስጠጣ የኖርኩበት ሒሳብ ነው ብዬ ከፈልኩ። ዘንድሮም ቡናው ጥሩ እንደሚሆን አልጠራጠርም። እናንተ ግን ከመጠጣታችሁ በፊት ያቺን ደረቅ ገጽ ግለጧት፤ ከዚያም እጃችሁን አውጡ።