ስለ እንቁራሪቶቹ የጠየቀው ልጅ

የማክሲም ጎርኪ «ልጅነት» (1913–14 እ.ኤ.አ.) ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ወንድ አያቱ ግርፊያ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንወጣም። ነገ መምህራን ሆነን ሕፃናት ፊት እንቆማለን፤ ሞት ደግሞ ክፍል ድረስ ሳይጠራ ይገባል።

ታሪኩ ከራሱ ከደራሲው ሕይወት የተቀዳ ነው። አባቱ በ1871 (እ.ኤ.አ.) በአስትራካን በኮሌራ ሲሞት ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ታሞ ሲያጫውተው የነበረው አባት ድንገት ይጠፋል፤ ሴት አያቱ ይመጣሉ። ከዚያ ልጁ የሚያየው ወለል ላይ የተጋደመ ሬሳ ነው፤ ዓይኖቹ በመዳብ ሳንቲም ተከድነዋል። አያትየው «ይመለሳል» ብለው አያታልሉትም። አባቱን እንዲሰናበትና ዳግም እንደማያየው በግልጽ ይነግሩታል። አላለቀስክም ብለውም አያስገድዱትም።

የጎርኪ ችሎታ የሚታየው ግን በእንቁራሪቶቹ ነው። ዝናብ ያቆረው መቃብር ውስጥ እንቁራሪቶች አሉ፤ ሁለቱ የሬሳ ሣጥኑ ላይ ወጥተዋል፤ አፈሩ አብሮ ይመለስባቸዋል። ልጁ የሚጠይቀው ስለ ነፍስ አይደለም፤ እንቁራሪቶቹ ይወጡ እንደሆነ ነው። አያቱ አይቆጡም፣ አይስቁበትም፤ እንደማይወጡ ይነግሩታል። ልጁ በእንቁራሪቶቹ በኩል ስለ ማን እንደጠየቀ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ደራሲው ግን አንዲት ቃል አያብራራም። ጥበብ ማለት እኮ ይኸው ነው!

እናቲቱን ግን ከሩቅ ነው የሚያሳየን። ሬሳው ባለበት ምጥ ይዟት የወለደችው ሕፃን በመርከብ ጉዞው ላይ ሲሞት እንኳ ዝም እንዳለች ናት። የልጁ ዓይን የሚያየው ይህን ያህል ነው ቢባልም፣ ሐዘኗ ሳይገለጥልን ማለፉ ቅር አሰኝቶናል።

ወደኛ ስንመለስስ? ትልቅ ሰው ሲረዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው። ልጅ ግን ጎረቤት ይላካል፤ «ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል። ተማሪም ቢሆን «ፈተናው ይለፍ» እየተባለ ቤተ ሰቡ ሐዘን ተቀምጦ እሱ ይፈተናል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም። ታዲያ ልጁ በር በሩን ሲያይ ይከርምና እውነቱን ከጨዋታ ጓደኛው አፍ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ማንን ይመን?

ልጅ የጠየቀውን በእውነት መመለስ፣ ያልጠየቀውን አለመጫን፣ እንባን በግድ አለማስወጣት፤ ጎርኪ በጥቂት ገጽ ያሳየን ይህን ነው። አንብቡትና እንከራከርበት።