«ነፃ» የተባለው ትምህርት ስንት ያስከፍላል?

እህቶቼ፣ ማታ ስልኳን ስትከፍት «ነፃ ኮርስ፣ ሰርተፍኬት አለው» የሚል ነገር ያልመጣባት ከመካከላችን ያለች አይመስለኝም። እኔም መጥቶብኝ ገብቼበታለሁ። 10ኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ እዚህ ሪያድ ሰው ቤት የምሠራ ነኝ እንጂ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ግን አንድ ዓመት ያህል ሞክሬዋለሁና ያገኘሁትንም የጎደለውንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተበላሁትን ላስቀድም። ስሙን የማልጠራው ሰው «የሕፃናት እንክብካቤ ዲፕሎማ በሁለት ሳምንት፣ ትምህርቱ ነፃ፣ ለወረቀቱ ብቻ» ብሎ 150 ሪያል ተቀበለኝ። ትምህርቱ አሥር ገጽ ነበር። ወረቀቱ ግን ያምራል፣ ወርቃማ ማኅተም አለው። አገር ቤት ላለችው ታላቅ እህቴ ልኬላት ሥራ ስታጠያይቅልኝ፣ ያየው ሁሉ «ማን ነው የሰጣት?» ብቻ አላት። ያን ቀን ወረቀትና ትምህርት ሁለት ነገር መሆናቸው ገባኝ።

ከዚያ በኋላ «ኦፕንለርን» የሚባለውን አገኘሁ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. የከፈተው ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1971 እ.ኤ.አ. ማስተማር ሲጀምር፣ የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ ሳይጠይቅ ሰው ይቀበል ነበር። ቀን ሥራ ለሚውሉትም በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ያስተምር ነበር። ይሄን ሳነብ፣ እኛን የሚመስል ሰው ያሰበ አለ ማለት ነው አልኩ።

የወሰድኩት የሂሳብ ኮርስ ነው፤ «ሰክሲድ ዊዝ ማትስ» ክፍል 1። 8 ሳምንት፣ በጠቅላላው 24 ሰዓት ይላል። እኔን አምስት ወር ፈጀብኝ። ሥራ የምጨርሰው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ካነበብኩ ስልኩ ፊቴ ላይ ይወድቃል። በረመዳን ጭራሽ አልነካሁትም። ኮርሱን የጻፉት ሰዎች ሰዓቱን ሲቆጥሩ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለው፣ የገዛ በሩን የሚዘጋ ሰው ነው የታያቸው። የኔ ክፍል ግን በሩ ከውስጥ አይቆለፍም።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋው ነው። ሂሳቡ አልከበደኝም፣ ስለ ሂሳቡ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው የከበደኝ። ላዕልና ታህት እያልን የተማርነው ክፍልፋይ በሌላ ስም ሲመጣ አዲስ ነገር ይመስላል። ምሳሌውም ፓውንድ ነው።

ታዲያ ምን አተረፍኩ? አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገንዘብ የምልክበት ቦታ «ክፍያ የለም፣ ነፃ» ስለሚል ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምሄደው። መቶኛ የሚለውን ምዕራፍ ከጨረስኩ በኋላ ደብተሬ ላይ ሠራሁት። 1,000 ሪያል ስልክ፣ ነፃ የሚለው አንዱን ሪያል በ35 ብር ቢመነዝር 35,000 ብር ይደርሳል። ሌላው 15 ሪያል ቆርጦ ቀሪውን 985 ሪያል በ36 ብር ቢመነዝር 35,460 ብር ነው። ነፃው በ460 ብር ያንሳል ማለት እኮ ነው! ይሄን ማንም ወረቀት አልነገረኝም፣ ሂሳቡ ነው የነገረኝ።

የአገራችንንም ልጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም ጀምሯል። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ያስተምራል፤ ሰርተፍኬቱም ነፃ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነው፣ የአንድሮይዱ ደግሞ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከኛ መካከል ኮምፒውተር ያላት ስንት ናት? አምስት ሚሊዮን ብሎ ሲጀመር የሚቆጠረው ሰርተፍኬት ነው። ልጅቷ ከተማረች በኋላ ምን ሠራች የሚለውን መቁጠር ግን የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ይሄን ስል አያቴ ትዝ ትለኛለች። ስሟን መጻፍ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። (በኛ 1971 ነው፣ ከእንግሊዞቹ 1971 ጋር ስምንት ዓመት ይለያያል።) የዚያ ዘመን ክፉው ነገር ብዙ ነው፣ አልክድም። ዘመቻው ግን በ15 የአገራችን ቋንቋዎች አስተምሯል፣ ተማሪዋም እሰፈሯ ድረስ የሚመጣ አስተማሪ ነበራት። ዛሬ ትምህርቱ እኪሳችን ገብቷል፣ ነገር ግን በቋንቋችን የሚያስረዳን ሰው የለም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ጀምረን የምንተወው። ሰነፎች ስለሆንን አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ለወረቀት ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ። ኦፕንለርን ራሱ የሚሰጠው «ተሳትፋለች» የሚል ማረጋገጫ ነው፣ ዲግሪ ውስጥ አይቆጠርም። ለማወቅ ከሆነ ግን ግቡበት። ኮርሱን በፒዲኤፍ ማውረድ ስለሚቻል፣ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ካርድ ሳትጨርሱ ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ ብቻ ምረጡ፤ አምስት ጀምራ አንድም ያልጨረሰች እኔ ነበርኩ።

ማኅበራችንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዓርብ ዕረፍት የምናገኝ ጥቂቶች ስንሰበሰብ፣ ከቡናው በኋላ አንድ ሰዓት ለዚህ ይሰጠን። እንግሊዝኛ የምትችል ታንብብልን፣ ሂሳብ የምትችል ታስረዳን። ዕረፍት ለሌላት በድምፅ ቀድተን እንላክላት። እኔ የሂሳቡን ቃላት በአማርኛ የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፤ ጠርዙ ዘይት ነክቶታል እንጂ ይነበባል። ይዤው እመጣለሁ።