ቅርጹ ሌላ፣ ሥራው አንድ
(ስለ ጓጉንቸሩና ቁልፉ ሥዕል የቀረበ ሂስ)

ባለፈው ተርም የባዮሎጂ ፈተና ላይ «ሁለት ኢንዛይሞች አንድ ዓይነት የኬሚካል ሥራ ከሠሩ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ነው» የሚል እውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ አውጥተን ነበር። እኛ መልሱን «እውነት» አልን። አንዲት ተማሪ «ሐሰት» ብላ ጻፈች፤ ኤክስ አደረግንባት። ለስኮላርሺፕ ለምትወዳደር ልጅ ደግሞ አንድ ማርክ ቀላል አይደለችም። ስለዚህ ዛሬ የምንተቸው የራሳችንን ጥያቄና ጥያቄው የተቀዳበትን የጓጉንቸርና የቁልፍ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ኢንዛይም የሚገጥመውን ለይቶ እንደሚይዝ ለጀማሪ በደንብ ያሳያል። ነገር ግን ጓጉንቸሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ አይናገርም። ተማሪውም ቅርጹን አይቶ እዚያው ይቆማል።

ለምን ብትሉ፣ ሁለት የዲኤንኤ ጠጋኝ ኢንዛይሞችን እንይ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ኢንዶኑክሊዬዝ 3 አለው፤ በኦክሲጅን ምክንያት የተበላሹ ቤዞችን ነቅሎ ያወጣል። ይህንኑ ባክቴሪያ የሚያጠቃው ቲ4 ቫይረስ ኢንዶኑክሊዬዝ 5 አለው፤ እሱ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ጨረር ሁለት ቤዞችን ባጣበቀበት ቦታ ላይ ነው። የሁለቱም ቅርጽ በ1992 እ.ኤ.አ. ታተመ። የባክቴሪያው 211 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ሁለት ክፍል ሆኖ መካከሉ ሸለቆ የሆነ፣ የብረትና የድኝ ስብስብም የያዘ ነው። የቫይረሱ 138 ብቻ ነው፤ አንድ ወጥ ነው፣ ብረትም የለውም። በቅርጽ አይገናኙም።

ታዲያ አክቲቭ ሳይታቸውስ? በሁለቱም ሥራውን የሚጀምረው አሚን የሚባለው ናይትሮጅን ያለበት ቡድን ነው። ባክቴሪያው ይህን ከ120ኛው አሚኖ አሲድ፣ ከላይሲን፣ ያገኛል። ቫይረሱ ግን ሰንሰለቱ ራስ ላይ ካለው ትሪዮኒን ይወስዳል። አሚኑ የዲኤንኤውን ስኳር ይይዛል፤ ቤዙ ይለቃል፤ ከዚያ የዲኤንኤው ክር ይቆረጣል። አጠገቡ ረዳት አሲድ አለ፦ በባክቴሪያው አስፓርቲክ አሲድ፣ በቫይረሱ ግሉታሚክ አሲድ። ቤቱ ሌላ፣ ሙያው አንድ!

ይሁን እንጂ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደን «የቫይረስና የባክቴሪያ ኢንዛይም ሁሌም ይለያያል» እንዳንል። ዩራሲልን ከዲኤንኤ የሚያወጣው ኢንዛይም በኢ. ኮላይም በሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስም አለ፤ ቅርጹም በጣም ይቀራረባል። ለሥራው የሚያስፈልገው አስፓርቲክ አሲድ በባክቴሪያው 64ኛ፣ በቫይረሱ 88ኛ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ «ይለያያሉ» ይላል፤ ቅርጹን ያየ ግን ሁለቱም አንድ ስፍራ ላይ እንደሚገኙ ያውቃል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይቆይ። ከሥሩ ግን ሦስት ጥያቄዎች ይጻፉ፦ ምን ይይዛል? ሥራውን የሚጀምረው የትኛው ቡድን ነው? ማን ይረዳዋል? መምህራን ሆይ፣ ፈተናችንም ከእነዚህ ይውጣ።

ለተማሪዋ ማርኳን መልሰንላታል። ይቅርታም ጠይቀናል።