አንባቢውን መከልከል፣ መጽሐፉን መከልከል፦ ናይሮቢ ላይ የተደረገ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከኪሊማኒ ወደ መሀል ናይሮቢ ሲወረድ፣ ባንዳ ጎዳና ላይ፣ በሩን የድንጋይ አንበሶች የሚጠብቁት የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት ለነጮች ብቻ ነበር፤ አፍሪካውያን የገቡት በ1958 ነው። ዛሬ አማርኛ የሚሰማባት ኪሊማኒም ያኔ የአውሮፓውያን መኖሪያ ነበረች። በዚህ ቤት ቅኝ ገዢው የከለከለው አንባቢውን እንጂ መጽሐፉን አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ክልከላው ወደ መጽሐፉ ዞረ። በ1977 የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የካሚሪዙ ቴአትር ፈቃዱን ተነጠቀ፤ በዓመቱ ማብቂያ ደራሲው ታሰረ። በ1987 ደግሞ «ማቲጋሪ» የተሰኘው ልብ ወለዱ ከየመጻሕፍት መደብሩ ተለቀመ። እነዚህ ግልጽ ጭካኔዎች ስለነበሩ ለመቃወም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው በሕግ ቋንቋ ለስልሶ የሚመጣው ነው።

በ2018 የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ የዋኑሪ ካሂዩን «ራፊኪ» የተሰኘ ፊልም አገደ፤ ታሪኩ የሁለት ልጃገረዶች ፍቅር ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ ሲያነሳ የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች ሞሉ። ፊልሙ የተወለደበት የሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ አጭር ልብ ወለድ ግን በ2007 የኬን ሽልማትን ያገኘ፣ ማንም ገዝቶ የሚያነበው ሥራ ነበር። ፊልም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ አይጠይቅም።

በ2023 የምክር ቤት አባሉ ፒተር ካሉማ ያዘጋጁት የቤተሰብ ጥበቃ ረቂቅ ሕግ ይህን ልዩነት ያጠባል። ግብረ ሰዶምን «ማስተዋወቅ» ያስቀጣል ሲል፣ ልብ ወለዱን መደርደሪያ ላይ ያኖረች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስተዋወቀች ይባል ይሆን? የንባብ ክበብ ብታዘጋጅስ? በዚያው ዓመት የጸደቀው የኡጋንዳ ሕግ ለተመሳሳይ ድርጊት እስከ 20 ዓመት እስራት ይደነግጋል። ይህን እያሰበች መጽሐፉን የምታዝ ባለሙያ ጥቂት ናት።

የወላጆች ስጋት ከንቱ ነው አልልም፤ በጉዳዩ ላይ የአብዛኛው የአገሬ አንባቢ አቋምም አይጠፋኝም። ነገር ግን የሕፃናትን ክፍል ከአዋቂዎች መለየት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የዘወትር ሥራ ነው፤ ለዚህ የወንጀል ሕግ አያስፈልግም።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» እና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በስማቸው ስለታገዱ በስማቸው ተፈልገው ተመለሱ። ከፍርሃት የተነሳ ሳይገዛ የቀረ መጽሐፍ ግን የእገዳ ደብዳቤ የለውም፤ ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔም አይገኝም። አደገኛው ሳንሱር ይህ ነው፤ በኔ ግምት ከደርጉ መቀስም ይብሳል።

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ሐሳብን የመፈለግና የመቀበል ነጻነትንም ያረጋግጣል። የኬንያ ምክር ቤት «ማስተዋወቅን» የሚቀጣውን ድንጋጌ ከረቂቁ ሊያወጣው ይገባል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም ሕግ ሆኖ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ያስገቡ።