ስም የተቀረጸበት ጡብ

ኒው ኦርሊየንስ ወደሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሙዚየም ስትደርሱ መጀመሪያ እግራችሁ ሥር ተመልከቱ። መሄጃው ላይ በተነጠፉት ጡቦች የሰው ስም ተቀርጿል። ቤተሰብ ለሙዚየሙ ገንዘብ ይለግሳል፤ የዘመተው አባት ወይም አያት ስም በጡቡ ላይ ይሰፍራል። ይህን አሠራር ከልቤ እወደዋለሁ። የጄኔራሎቹ ስም በየመጽሐፉ ሞልቷል፤ ድንች ሲልጥ የዋለውን ተራ ወታደር ግን ከልጆቹ በቀር ማን ያነሣዋል?

ልግስናው በገንዘብ ብቻ አላበቃም። ፒቲ-305 የተባለችው የእንጨት የጦር ጀልባ እዚያው ኒው ኦርሊየንስ በአንድሩ ሂጊንስ ፋብሪካ ተሠርታ በሜዲትራኒያን ባሕር ተዋግታለች። ከጦርነቱ በኋላ ኦይስተር የተባለውን የባሕር ዛጎል እንስሳ ለመልቀም አገልግላለች፤ ከኋላዋም ተቆርጣ አጥራ ነበር። በጎ ፈቃደኞች፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች፣ ያለ አንዳች ክፍያ ለዓመታት ሳንቃ በሳንቃ ጠገኗት። እ.ኤ.አ. በ2017 በራሷ ሞተር ፖንቻርትሬይን ሐይቅ ላይ ተንሳፈፈች። ለእኔ ከማንኛውም ሐውልት ትበልጣለች።

ሙዚየሙ ለትርፍ የሚሠራ አይደለም። መንገዳችሁ ወደዚያ ከሆነ ከመግቢያው ዋጋ ላይ የአቅማችሁን ጨምሩ።