ያላበጠው ካፓሲተር

በአሮጌ ኮምፒውተሮች የፓወር ሰፕላይ ጥገና ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ፣ አንድም ያበጠ ካፓሲተር ሳይታይ መሣሪያው ስለ ምን አልነሣም ይላል የሚል ነው። ጥያቄው ዓይንን ዋና መመርመሪያ ከማድረግ ይመነጫል፤ ልማዱም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሮላይታቸው ጉድለት በገፍ ባበጡት የማዘርቦርድ ካፓሲተሮች ምክንያት ሥር ሰድዷል።

ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሮላይት በተባለ ፈሳሽ የራሰ ወረቀት በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል ገብቶ የሚጠቀለልበት፣ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ ነው። ፈሳሹ ጋዝ ሲፈጥር አናቱ ያብጣል፤ በጎማ መዝጊያው በኩል ቀስ በቀስ ሲተን ግን ቅርፁ ሳይለወጥ ይደርቃል፣ ኢ.ኤስ.አር. የሚባለው ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል። ተራ መልቲሜትር የሚለካው የማከማቸት አቅሙን፣ ያውም በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ የደረቀውን ደኅና ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል፤ በ100 ኪሎኸርዝ ገደማ የሚለካው የኢ.ኤስ.አር. ሜትር ግን ጉዳቱን ያጋልጣል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም 5 ቮልት በሚሰጠው የስታንድባይ ክፍል ውስጥ፣ ከሚግለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ሥር የተወሸቀው ትንሽ ካፓሲተር ነው። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚያጥር፣ ከትልልቆቹ ቀድሞ መድረቁ አያስገርምም፤ ጠዋት እንቢ ብሎ ሶኬት ላይ ቆይቶ ሲሞቅ የሚነሣ መሣሪያም በአብዛኛው የዚህ ምልክት ነው።

ሁሉንም በጅምላ መቀየር ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ዘዴው መሣሪያውን ሊያስነሣ ቢችልም ምን እንደሞተ አያስተምርም፤ የአሮጌ ሰሌዳ የመዳብ መስመር ደግሞ በመበየጃ ሙቀት በቀላሉ ስለሚላቀቅ፣ ያለ ምርመራ የሚነቀል እያንዳንዱ እግር አዲስ ብልሽት ይጋብዛል። በአሮጌው ምትክ የሚገባው ካፓሲተር አቅሙ እኩል፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ለ105 ዲግሪ የተሠራና ኢ.ኤስ.አር.ው ዝቅተኛ ሊሆን ይገባል።

ሙያው በዚህ ሥራ ላይ ለሰነበተ ሰው ከእንጀራ ማግኛነት ያለፈ ትርጉም የሚኖረውም ብልሽቱን መርምሮ ከማወቅ የተነሣ ነው፤ ዋጋው ጥቂት በሆነ ዕቃ ሰበብ ሊጣል የነበረ መሣሪያ ምክንያቱ ታውቆ ሲነሣ፣ ጠጋኙ ለግምቱ ሳይሆን ለማስረጃው መገዛትን ይለምዳል። ስለዚህ ጀማሪ ጠጋኝ ገንዘቡ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ውድ መበየጃውን ትቶ የኢ.ኤስ.አር. ሜትር ይግዛ፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ የፓወር ሰፕላዩ ትልቅ ዋና ካፓሲተር ቮልቴጅ 310 ገደማ ስለሚደርስም፣ በሬዚስተር አራግፎ ባዶነቱን ሳያረጋግጥ ምንም አይንካ።