«አንተ» ወይስ «እርስዎ»? የፍራንከንስታይን ፍጡር በአማርኛ ሰዋስው ፊት

ሜሪ ሼሊ በ1818 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ቪክተር ከሬሳ አካላት ገጣጥሞ የሠራው ፍጡር ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በፍልስፍና ሚዛን ነው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን ጥያቄው ሰዋስው ውስጥም አለ። ፍጡሩ ነፍስ በሚዘራበት ሌሊት ቪክተር መጀመሪያ በግዑዝ ተውላጠ ስም ይጠራዋል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ወንዴው ይሻገራል። አማርኛ ይህን መሻገር ማሳየት አይችልም፤ «ወደቀ» ለድንጋዩም ለሰውየውም እኩል ያገለግላል። ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ፍጡሩን ከጅምሩ ሰው ያደርገዋል ማለት ችኮላ ነው። ለድንጋይ ያልተነፈገ «እሱ» የማንንም ሰውነት አያስመሰክርም።

ስያሜው ብዙ አያከራክርም። «ጭራቅ» ያለ ተርጓሚ ክሱን ሳይሰማ ፈርዷል፤ «ፍጡር» ግን ሠሪውንም ራሱን የሚጨምር ቃል ነውና የተሻለ ነው።

የአማርኛው ፍርድ የሚገለጠው በሁለተኛው መደብ ነው። አንቱታ ለግዑዝ አይውልም፤ ለእግዚአብሔርም አይውልም፤ በጸሎት ፈጣሪ የሚጠራው «አንተ» ተብሎ ነው። እንግዲህ «እርስዎ» ሰዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚሰጣጡት ነገር ነው። ፍጡሩ በተራራው በረዶ ላይ ቪክተርን ሲማጠን ራሱን ከአዳም ጋር ያነጻጽራል፤ ሼሊም በዚያ ንግግር ውስጥ የጸሎት ቋንቋ የሆነውን ጥንታዊውን ነጠላ ሁለተኛ መደብ ታስገባለች። ለጌታው የሚናገር አገልጋይ አስመስሎ «እርስዎ» የሚያሰኘው ትርጉም ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ጸሎቱን ያጠፋዋል።

ከዚህ የሚከብደው የዓይነ ስውሩ አረጋዊ የዴ ላሴ ትዕይንት ነው። ፍጡሩ ፈረንሳይኛ የተማረው ፌሊክስ ለሳፊ ሲያስተምር በግድግዳ ስንጥቅ እያደመጠ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አረጋዊው መልኩን ስለማያይ ከአነጋገሩ ተነሥቶ የአገሩ ሰው ይሆናል ብሎ ይገምተዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ፍጡሩ እንደ ሰው የተስተናገደበት ቅጽበት ይህ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያስተናገደውም ቋንቋው ነው። አማርኛው እዚህ ላይ «እርስዎ» ካላለ የሚለው ሌላ ቦታ የለም። በእርግጥ አረጋዊ ለማያውቀው ሰው «አንተ» ቢል ነውር የለበትም፤ «ልጄ» ሲጨመርበት እንዲያውም ከአንቱታው የበለጠ ያቀርባል። ዴ ላሴ ግን የእንግዳውን ዕድሜ አያውቅም፤ የሚሰማውም የተመረጠ፣ የሥነ ሥርዓት አነጋገር ነው። እንዲህ ላለ እንግዳ የሚገባው «እርስዎ» ነው።

ፍጡሩ እጁን ይዞ ሲማጠነው አረጋዊው ደንግጦ ማንነቱን ይጠይቃል። ተርጓሚው «ማን ነዎት» እና «ማነህ» መካከል የሚቆመው እዚህ ነው። ድንጋጤውን ለማጉላት «ማነህ» ማለት ያጓጓል፤ ግን ስሕተት ነው። ዴ ላሴ አሁንም አላየም፤ ከአንቱታ የሚያወርድበት ምክንያት የለውም። በሁለቱም ቅርጽ ደግሞ ጥያቄው «ማን» እንጂ «ምን» አይደለም። ፍጡሩን ከ«ማን» ያወረደው ቀጥሎ በሩን ከፍቶ የገባው ፌሊክስ ነው፤ እሱም በዱላ ይመታዋል እንጂ ተርጓሚ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ የሚመልሰው አንድም ቃል አይናገረውም።